ፌሎሺፕ ወይስ ቀጥታ ሥራ? በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመሥራት ለሚያስቡ ነርስ ፕራክቲሽነሮችና ፊዚሺያን አሲስታንቶች

በአሜሪካ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በነርስ ፕራክቲሽነርነት ወይም በፊዚሺያን አሲስታንትነት ለመሥራት ፌሎሺፕ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ደመወዝ እየተከፈለ የሚወሰድ የአንድ ዓመት ገደማ ሥልጠና፣ በሕግ የተጣለ ግዴታ አይደለም። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ ቦርድ አይጠይቀውም፤ የብቃት ፈተናውን የሚያዘጋጀው አካልም አይጠይቀውም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ምክር ፈልገው የሚደውሉልኝ የሀገሬ ልጆች ከሁለት ወሬ አንዱን ሰምተው ስለሚመጡ ነው። ገሚሶቹ «ያለ ፌሎሺፕ የሚቀጥር የለም» ተብለዋል፤ ገሚሶቹ ደግሞ «ፌሎሺፕ ሙሉ ሥራ በጎደሎ ደመወዝ ማሠሪያ ነው» ተብለዋል። ሁለቱም ሰውን ያሳስታሉ። በቅርቡ አንዲት ልጅ ሁለት ደብዳቤ ይዛ ደወለችልኝ፤ አንዱ የአሥራ ሁለት ወር ፌሎሺፕ፣ ሌላው ቀጥታ ቅጥር ነው። መልስ የምትሰጥበት ቀን አርብ ነበር። በስልክ ያወጋናትን ሰፋ አድርጌ ልጻፋት።

ሙያዎቹን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ሁለቱም ሕመምተኛ መርምረው፣ መድኃኒት አዝዘው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦ እስከማስገባት ድረስ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሆስፒታሎች ሁለቱን በአንድ ላይ «ኤ ፒ ፒ» ይሏቸዋል። የሁለቱም ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠናን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ጀመሩት፤ ያውም ለሕፃናት ተብሎ። የፊዚሺያን አሲስታንቱን ደግሞ ዶክተር ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያፈራቸውን ጤና መኮንኖች የሚያውቅ ሰው፣ ሐኪም ባልበቃበት ቦታ ኃላፊነት የሚሸከም ባለሙያ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በብዛት የገቡት ግን ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሬዚደንት ሐኪሞች፣ ማለትም በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች፣ የሥራ ሰዓት በሳምንት 80 እንዲሆን ሲገደብ ሌሊቱን የሚሸፍን ሰው አነሰ። ክፍተቱን ከሞሉት መካከል እነዚህ ባለሙያዎች ነበሩ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለምርጫችሁ ስለሚጠቅም ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሆስፒታል ሲቀጥራችሁ በመጀመሪያ የሚያስበው ባዶ ፈረቃውን ነው።

ሰዓቱን ቁጠሩ

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ብሔራዊ መስፈርት አንድ ነርስ ፕራክቲሽነር በትምህርት ላይ ሳለ ቢያንስ 750 ሰዓት ከሕመምተኛ ጋር እንዲለማመድ ይጠይቃል። ፊዚሺያን አሲስታንት 2,000 ሰዓት ገደማ ይለማመዳል፤ ነገር ግን ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የማኅፀንና ጽንስ ሕክምና፣ የአእምሮ ሕክምና፣ ድንገተኛ ክፍል ተካፍለውት ለሕፃናት የሚተርፈው ጥቂት ሳምንት ነው። አጠገባችሁ የሚቆመው የሕፃናት ጽኑ ሕክምና ሐኪም ግን ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ ሦስት ዓመት ሕፃናት ሕክምና፣ በዚያም ላይ ሦስት ዓመት ጽኑ ሕክምና ተምሮ ነው የመጣው። በሳምንት 40 ሰዓት ቢታሰብ አንድ የሥራ ዓመት 2,080 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ በየትኛውም በር ብትገቡ የመጀመሪያው ዓመት የሥልጠና ዓመት መሆኑ አይቀርም። የሚለያየው ያን ዓመት ማን እንደሚጠብቅላችሁ ነው።

ክብደቱ እንዲታያችሁ አንድ ፈረቃ ልንገራችሁ። በአንዱ ክፍል የሦስት ኪሎ አራስ፣ በቀጣዩ ክፍል የዘጠና ኪሎ ጎረምሳ ተኝተዋል። የሁለቱም ልብ ቢቆም የመጀመሪያው መድኃኒት ኤፒነፍሪን ነው፤ መጠኑም በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው። ለአራሱ 0.03፣ ለጎረምሳው 0.9 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ሠላሳ እጥፍ ልዩነት፣ በአንድ ግድግዳ ተለይቶ። በአዋቂዎች ክፍል የሠራ ሰው «መጠኑን አውቀዋለሁ» ብሎ በልማድ የሚሄድበት መንገድ እዚህ የለም። እያንዳንዱን ልጅ እንደ አዲስ ማስላት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ በድግግሞሽ የሚገባ ነገር ነው።

ከፌሎሺፕ በፊት ያለው በር

ብዙ ሀበሻ ነርስ የሚማረው ፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለትም ከሕፃን እስከ አዋቂ በክሊኒክ የሚያክመውን ዘርፍ፣ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ትምህርቱ ሥራ እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ በየከተማው የሚገኝ ነው። ከነርሲንግ ረዳትነት ተነሥተው፣ ኤል ፒ ኤን ሆነው፣ ከዚያ አር ኤን፣ ከዚያ ማስተርስ ድረስ የወጡ እህቶቼን አውቃለሁ፤ ያንን መሰላል ለወጣ ሰው «የያዝሽው ወረቀት ለዚህ ክፍል አይሆንም» ማለት ልብ ይሰብራል። ቢሆንም መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የከፍተኛ ነርሶች የስምምነት ሰነድ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናንና የጽኑ ሕክምናን ይለያል። የፋሚሊው ሥልጠና ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ነው። የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በአብዛኛው የሚጠይቁት የሕፃናት ነርሲንግ ሰርተፊኬሽን ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚሰጠውን የአኪዩት ኬር፣ ማለትም በጠና የታመሙ ልጆችን የማከም፣ ሰርተፊኬት ነው።

ስለዚህ ፋሚሊ የያዛችሁ ሰዎች ፌሎሺፕን ከቀጥታ ሥራ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት የድኅረ ማስተርስ ሰርተፊኬቱን አስቡ። ፌሎሺፕ የሰርተፊኬት ምትክ አይሆንም። ሰርተፊኬቱ ሳይኖራችሁ የሚቀበላችሁ ቦታ ብታገኙ እንኳ፣ ሌላ ሆስፒታል ወይም ሌላ ግዛት ስትሄዱ በሩ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ፊዚሺያን አሲስታንቶች ይህ እንቅፋት የለባቸውም፤ የሚፈተኑት ጠቅላላ ፈተና ስለሆነ የሚሠሩበትን ዘርፍ አይገድብም። ግን ለዚያው ምክንያት ፌሎሺፑ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእነርሱ ነው እላለሁ። ጥቂት ሳምንት የሕፃናት ልምምድ ይዞ በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት፣ ጠንካራ ድጋፍ ከሌለ በስተቀር፣ ለባለሙያውም ለልጆቹም ከባድ ነው።

ከቁጥር ውጭ መሆን

እኔ ራሴ የገባሁት በቀጥታ ቅጥር ነው። በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት ለዓመታት ስለሠራሁ ፌሎሺፕ ጊዜ ማባከን መስሎ ታየኝ። ስቀጠር የስድስት ወር ኦሪየንቴሽን፣ ማለትም በሰው ሥር ሆኖ ሥራውን የመልመጃ ጊዜ፣ ተባለልኝ። በአሥረኛው ሳምንት ሁለት ሰው ለቀቀ፤ እኔም ብቻዬን የሌሊት ተረኛ ሆንኩ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ፈረቃው መሸፈን ነበረበት።

ክረምት ነበር፣ አር ኤስ ቪ የተባለው ቫይረስ ክፍሉን የሞላበት ሰሞን። የአራት ወር ሕፃን በአፍንጫው በከፍተኛ ፍሰት ኦክስጅን እየተሰጠው በደቂቃ ሰባ ጊዜ ይተነፍስ ነበር፤ ያለቅሳል፣ ይራገጣል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝም አለ። ሞኒተሩን ሳይ ትንፋሹ ወደ ሠላሳ ስምንት ወርዷል። ቁጥሩ ሲታይ የተሻለው ይመስላል፤ እኔም ለአንድ አፍታ እንደዚያ አሰብኩ። ነርሷ የዕድሜዋን እኩሌታ በዚያ ክፍል ያሳለፈች ሴት ነበረች። «አልተሻለውም፤ ደክሞታል» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ ጭንቅላቱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይነቀንቃል፤ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ይሰረጉዳል፤ ዓይኑን ገልጦ አያየኝም። በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። አቴንዲንጉ፣ ማለትም ኃላፊው ሐኪም፣ በሌላ ሕፃን ላይ ነበር፤ እስኪደርስ ድረስ በጭንብልና በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ ስናተነፍሰው ቆየን። ልጁ ተርፎ ወደ ቤቱ ሄደ። እናቱ ስታመሰግነኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ነርስ ሳለሁ ያንን ድካም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ደውዬ ያስጠራሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ልዩነቱ ያን ጊዜ የምደውለው እኔ ነበርኩ፤ አሁን የሚደወልልኝ እኔ ነኝ። አልጋ አጠገብ የተገኘ ዕውቀት ታላቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን መወሰን ሌላ ጡንቻ ነው፤ ለብቻው መሠራት አለበት።

ስለዚህ ፌሎሺፕ በውድ የሚሸጠው ዕቃ ሌክቸሩ አይደለም፤ ሌክቸር የትም ይገኛል። ዋናው ነገር ለአንድ ዓመት ከቁጥር ውጭ መሆናችሁ ነው። በደንብ በተያዘ ፌሎሺፕ ውስጥ ተረኛ ሲጎድል እናንተን አምጥተው አይተኩም። ቱቦ ስታስገቡ ከኋላችሁ ሰው አለ። ስትሳሳቱ ስሕተቱ ልጁ ላይ ሳይደርስ የሚይዘው እጅ አለ። ይህ በጽሑፍ የሌለበት ፌሎሺፕ ስሙ ቢያምርም ከቀጥታ ቅጥር አይለይም፤ ደመወዙ ግን ያንሳል። በተቃራኒው፣ ለኦሪየንቴሽኑ ጊዜ ተረኛ ሆናችሁ እንደማትቆጠሩ በውሉ ላይ የሚጽፍ ቀጥታ ቅጥር ካገኛችሁ፣ በተለይ የክፍሉ ነርስ ሆናችሁ የሠራችሁ ከሆነ፣ ዓይናችሁን ሳታሹ ተቀበሉት።

የሦስቱ ዓይነት ፌሎሺፕ ልዩነት

«የሕፃናት ፌሎሺፕ» ሲባል ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በአጠቃላይ የሕፃናት ሆስፒታል ሕክምና ላይ የሚያሽከረክር ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ብቻ ታሳልፋላችሁ። ምን እንደሚወድ ገና ላልወሰነ ሰው ደህና ነው። ልቡ ለቆረጠ ሰው ግን አልመክረውም።

ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ላይ የሚያተኩር፣ አጫጭር ጊዜ ወደ ማደንዘዣ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ወደ ኩላሊትና ነርቭ ሕክምና የሚልክ ነው። አብዛኛው የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሚፈልገው ይህን ነው። ከአዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመጣችሁ ነርሶች ደግሞ ከሁሉ በላይ እናንተ ትፈልጉታላችሁ፤ ምክንያቱም መማር ብቻ ሳይሆን መርሳትም አለባችሁ። በስኳር ሕመም ምክንያት ደሙ አሲድ ሆኖበት (ኪቶአሲዶሲስ) ለገባ አዋቂ አንዳንድ ቦታ ኢንሱሊን በአንድ ጊዜ በመርፌ ተሰጥቶ ይጀመራል። ለልጅ ይህ አይደረግም፤ በሰዓት በኪሎ ከ0.05 እስከ 0.1 ዩኒት በዝግታ ይንጠባጠባል፤ አንጎሉ እንዳያብጥም በየሰዓቱ ንቃቱ ይታያል። እጃችሁ የለመደውን ትዕዛዝ የሚያስቆማችሁ ሰው አጠገባችሁ እንዲኖር ትፈልጋላችሁ።

ሦስተኛው የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ፌሎሺፕ ነው። ይህ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አልፍሬድ ብላሎክ፣ ሄለን ታውሲግና ቪቪየን ቶማስ በልብ ጉድለት ምክንያት ሰማያዊ ለሆኑ ሕፃናት የቀዶ ሕክምና መንገድ ከከፈቱ ወዲህ፣ ግማሽ ልብ ይዘው የተወለዱ ልጆች እንኳ በተከታታይ ቀዶ ሕክምና የሚኖሩበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ግን ደንቡ ይገለበጣል። በአጠቃላዩ ክፍል ኦክስጅኑ 78 በመቶ የሆነ ልጅ ሁላችንንም ያስሮጠናል። ግማሽ ልብ ይዘው ለተወለዱ ልጆች ከሚደረገው የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና፣ ኖርውድ ከሚባለው፣ በኋላ ግን ከ75 እስከ 85 በመቶ የምንፈልገው ቁጥር ነው፤ 95 ቢደርስ ደስ ሊለን ሳይሆን ሊያሳስበን ይገባል፤ ደሙ ከሰውነት ይልቅ ወደ ሳንባ እየበዛ ሊሆን ይችላልና። ይህን የሚወድ ሰው ሌላ ነገር አይጥመውም። ይሁን እንጂ በልብ ብቻ የሠለጠነ ሰው ወደ አጠቃላዩ ክፍል ሲመለስ እንደገና ይጀምራል፤ ከአጠቃላዩ ወደ ልብ መሄድ ግን ይቀላል። እኔ ያልወሰነ ሰው አጠቃላዩን እንዲያስቀድም እመክራለሁ።

ሁለት ፌሎሺፖችን ስታነጻጽሩ

ትልቁን ስም ወዲያው አትምረጡ። በትልልቆቹ የሕፃናት ሆስፒታሎች ብርቅዬ በሽታ ታያላችሁ፤ ልብና ሳንባን ተክቶ የሚሠራውን ኤክሞ የተባለ ማሽን ታያላችሁ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቱቦና ለእያንዳንዱ ሴንትራል ላይን (ወደ ትልቅ የደም ሥር የሚገባ መስመር) የሐኪም ፌሎዎች፣ ማለትም ፌሎሺፕ ላይ ያሉ ሐኪሞች፣ ከፊታችሁ ተሰልፈዋል፤ ልክም ነው፣ እነርሱም መማር አለባቸው። መካከለኛ ሆስፒታል ውስጥ የሐኪም ፌሎ ላይኖር ይችላል፤ እጃችሁ ይሠራል፣ በጣም የከበደው ልጅ ግን ወደ ሌላ ቦታ ይላካል። እኔ እጅን አስቀድማለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ኤክሞ ያላየ ሰው በኋላ ሊያየው ይችላል፤ ቱቦ ማስገባት በፍርሃት የቀረበት ሰው ግን ፍርሃቱ እየሰነበተ ይሄዳል።

ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ላይ «ልምምድ ይኖራል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ባለፈው ዓመት የጨረሰው ፌሎ ስንት ቱቦ፣ ስንት የደም ሥር መስመር፣ ስንት የደረት ቱቦ አስገባ?» በሉ። ቁጥር የሚያውቅ ፕሮግራም መዝገብ ይይዛል፤ መዝገብ የሚይዝ ያስባል። ከዚያ የቀድሞ ፌሎዎችን ስልክ ለምኑ፣ ያለ ኃላፊው አነጋግሯቸው። ስንቶቹ እዚያው ቀርተዋል? ሌሊት ማን ያስተምራችሁ ነበር? ልጅ ሲሞት ከነርሶቹና ከሐኪሙ ጋር ተቀምጣችሁ ትነጋገሩ ነበር ወይስ ወደ ቀጣዩ አልጋ ነው የሄዳችሁት? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አቅልላችሁ አትዩት፤ ጥሩ ባለሙያዎች ይህን ሥራ ትተው ሲሄዱ ያየሁት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ዕውቅናን በተመለከተ፣ ፌሎሺፖችን የሚገመግሙ አካላት አሉ፤ የአሜሪካ ነርሶች የዕውቅና ማዕከል አንዱ ሲሆን ለፊዚሺያን አሲስታንት ፕሮግራሞች ደግሞ ኤ አር ሲ ፒ ኤ አለ። ዕውቅናው በፈቃደኝነት የሚጠየቅ ስለሆነ አዲስና ጥሩ ፕሮግራም ላይኖረው ይችላል። ካለው ግን ቢያንስ የውጭ ዓይን አይቶታል ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ

ይህን ሳንናገር ማለፍ ለእኛ ሰው ሐሰት ይሆናል። ብዙዎቻችን ብድር አለብን፣ ሀገር ቤት የምንልክላቸው ሰዎች አሉን፣ ዕቁብ የገባንም አለን። የፌሎ ደመወዝ ከመደበኛው ያንሳል። ልዩነቱ ለምሳሌ በዓመት 36,000 ዶላር ቢሆን በወር 3,000 ነው፤ ግብሩ ሲቀነስ ኪስ ላይ የሚጎድለው ከዚያ ያነሰ ነው። በወረቀት ላይ አስቀምጡትና ለአሥራ ሁለት ወር መሸከም ትችሉ እንደሆነ ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩ። ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል በሙሉ ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ፣ 120 ወርኃዊ ክፍያ በሚጠይቀው የፌዴራል የብድር ስረዛ ውስጥ የፌሎሺፑ ወራትም ሊቆጠሩ ስለሚችሉ አበዳሪያችሁን ጠይቁ።

ከደመወዙ በላይ ግን የግዴታ አገልግሎት አንቀጹን አንብቡ። አንዳንድ ውል ከፌሎሺፑ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት እዚያው እንድትሠሩ፣ ካልሆነ ገንዘብ እንድትመልሱ ያስገድዳል። ቦታውን ከወደዳችሁት ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የሥራ ዋስትና ነው። ቦታውን ሳታዩት መፈረም ግን ለማያውቁት ሰው ዋስ እንደመሆን ነው። ልጅቷ ካሳየችኝ ሁለት ደብዳቤዎች በአንዱ ላይ ይህ አንቀጽ በአራተኛው ገጽ ነበር፤ እርሷ የደመወዙን ገጽ ብቻ ነበር ያነበበችው። ኦሪየንቴሽኑን በተመለከተ ደግሞ በቀጥታ ቅጥሩ ደብዳቤ ላይ አንድም ቃል አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ደውላ ጠየቀቻቸው፤ በጽሑፍ እንደማይሰጡ ነገሯት። ፌሎሺፑን ፈረመች።

ለማመልከት ያሰባችሁ፣ አብዛኛው ፕሮግራም በዓመት የሚቀበለው ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ ከመመረቃችሁ ከአንድ ዓመት በፊት መፈለግ ጀምሩ። በመግቢያው ቀን ሰርተፊኬቱ፣ የግዛቱ ፈቃድና የልጆች ሕይወት ማዳን ኮርስ፣ ፓልስ የሚባለው፣ በእጃችሁ መሆን አለባቸው፤ የሆስፒታሉ የማስረጃ ማጣራት ራሱ ወራት ይፈጃል። አማርኛችሁንም በማመልከቻው ላይ ጻፉት። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሆስፒታሎች ሌሊት ላይ አማርኛ ብቻ የምትናገር እናት ልጇ ቬንቲሌተር ላይ ሲሆን ማየት ብርቅ አይደለም። ያለ ፈተና እንድታስተረጉሙ ሆስፒታሉ ላይፈቅድላችሁ ስለሚችል፣ የቋንቋ ብቃት ፈተና ካለው በመጀመሪያው ወር ተፈተኑ።